ቀይ ጤፍ የመሰለው ነጠብጣብ፦ የደም ካንሰርና ቆዳችን

ስለ ደም ካንሰር ሊያስተምር የቆዳ ሐኪም ለምን መጣ የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ምክንያቱን ከአንዲት እናት ልጀምር።

ነገሩ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል። እናትየዋ የ6 ዓመት ወንድ ልጇን እንደ ልማዷ ቅዳሜ ማታ ሳፋ ውስጥ አቁማ እያጠበችው ነው። እግሩ ላይ፣ የካልሲው ላስቲክ በሚያርፍበት ዙሪያ፣ ቀይ ጤፍ የተበተነ የሚመስል ነገር አየች። በሳሙና አሸችው፤ አልለቀቀም። ቁንጫ ይሆናል ብላ አንሶላውን አጠበች፤ ፍራሹን ፀሐይ አስመታች። ጎረቤቶቿ ምች ነው አሏትና ዳማከሴ ጨምቀው ቀቡት። በሳምንቱ ጭኑና ክንዱ ላይ በለዝ ወጣ። ያን ጊዜ ቤቱ ታመሰ። መምህሩ “ይህን ልጅ ማነው የሚመታው?” ብለው ጠየቁ። አባትየው እናትየዋን፣ እናትየዋ ደግሞ የቤት ሠራተኛዋን ጠረጠሩ። የሄዱበት ጤና ተቋም ቅባት ሰጥቶ መለሳቸው። እኔ ዘንድ የደረሱ ዕለት ልጁ ደረጃ መውጣት አቅቶት እናቱ አዝላው ነበር።

ጠረጴዛዬ ላይ የውኃ ብርጭቆ ነበረ። ብርጭቆውን እግሩ ላይ ጫን አድርጌ በውስጡ አሻግሬ አየሁ። ነጠብጣቦቹ እንዳሉ ናቸው፤ አልደበዘዙም። አፉን ክፈት አልሁት። ላንቃው ላይም ያው ጤፍ ተበትኗል፤ እዚያ ግን ቀለሙ ደምቆ ይታያል። ሁላችንም ሲቢሲ የምንለውን ተራ የደም ምርመራ አዘዝን። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 መሆን የሚገባው የፕሌትሌት ቁጥር 11,000 ነበር። ልጁን የመታው ሰው አልነበረም፤ የደም ካንሰር ይዞት ነው።

ያቺ እናት ከሁላችንም ቀድማ አይታዋለች። የጎደላት ያየችው ምን እንደሆነ የሚነግራት ሰው ነበር። ዛሬ እዚህ የቆምሁት ለዚህ ነው።

የደም ካንሰር፣ በሕክምና ስሙ ሉኬሚያ፣ መታወቅ የጀመረው በ1845 እ.ኤ.አ. ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት ሩዶልፍ ፊርሾ በርሊን ላይ፣ ጆን ሂዩዝ ቤኔት ደግሞ ኤዲንብራ ላይ፣ ደማቸው በነጭ ሕዋሳት ብዛት የተለወጠ ሙታንን መርምረው በየፊናቸው ጻፉ። ፊርሾ ከሁለት ዓመት በኋላ ከግሪክ ቃላት ወስዶ “ነጭ ደም” የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጣለት። ስሙ ግን እንዳያሳስታችሁ፤ የታማሚው ደም ሲፈስ ብታዩት ያው ቀይ ነው።

ደም የሚሠራው አጥንት ውስጥ ባለው መቅኒ ነው። መቅኒን እንደ ማሳ አስቡት። ከዚያ ማሳ ኦክስጅን የሚሸከመው ቀይ ሕዋስ፣ ተሕዋስያንን የሚዋጋው ነጭ ሕዋስ፣ የተሸነቆረ የደም ሥር የሚደፍነው ፕሌትሌት ይበቅላሉ። በተለይ ድንገተኛ በሚባለው የሉኬሚያ ዓይነት፣ ያልበሰለ ነጭ ሕዋስ እንደ አረም ማሳውን ይወርሰዋል። አረሙ ሲበዛ እህሉ ይታነቃል። ቀዩ ሕዋስ ሲያንስ ሰውየው ይገረጣል፣ ዳገት ያደክመዋል። ደህናው ነጭ ሕዋስ ሲጠፋ ትንሽ ቁስል አልድን ይላል። ፕሌትሌት ሲያልቅ ደግሞ ያ ቀይ ጤፍ ይመጣል።

ጥቂት ልቆይበት። ከፀጉር የቀጠኑት ጥቃቅን የደም ሥሮቻችን በየዕለቱ ይሸነቆራሉ፤ ስንራመድ፣ ስናስል፣ ስናምጥ። አይታወቀንም፤ ፕሌትሌቶች ወዲያው ስለሚደፍኑት። አንድ ፕሌትሌት የሚኖረው ከ8 እስከ 10 ቀን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጤነኛ መቅኒ በየቀኑ 100 ቢሊዮን ገደማ አዲስ ይሠራል። መቅኒው ከታነቀ ግን የነበረው በሁለት ሳምንት ውስጥ አልቆ ምትክ ይጠፋል። ያን ጊዜ ከየሽንቁሩ ጠብታ ጠብታ ደም ወደ ቆዳ ይሰርጋል። ብዙ ጊዜ እግር ላይ የሚጀምረው ቆመን ስንውል የደሙ ክብደት ወደ ታች ስለሚጫን ነው። ካልሲ፣ ቀበቶ፣ የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ያጠበቀበት ቦታ ላይም ይወጣል።

ብርጭቆው የሚነግረን ይህንኑ ነው። የቁንጫ ንክሻ፣ የአለርጂ ሽፍታ፣ ሙቀት ያወጣው ሽፍታ በአብዛኛው የደም ሥሩ ስለሰፋ ነው የሚቀላው፤ ጫን ሲሉት ደሙ ወደ ጎን ይሸሽና ይደበዝዛል። ከደም ሥሩ ወጥቶ ቆዳ ውስጥ የፈሰሰ ደም ግን መሸሻ የለውም፤ ቢጫኑትም አይጠፋም። በቤታችሁ፣ በማንኛውም ንጹሕ ብርጭቆ ልታዩት ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። በብርጭቆ የማይጠፋ ነጠብጣብ ከከባድ ትኩሳት፣ ከራስ ምታት ወይም ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። እሱ ለሳምንት ቀርቶ ለአንድ ሌሊት አይታደርበትም፤ ያንኑ ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ነው።

አሁን ስለ ቀለም ልናገር። እኔን ካስተማሩኝ መጻሕፍት ብዙዎቹ “ቀይ ነጠብጣብ”፣ “ቀይ እባጭ”፣ “የገረጣ ፊት” ይላሉ፤ ሥዕሎቹም በአብዛኛው የነጭ ሰው ቆዳ ናቸው። በእኛ ቆዳ ላይ ቀይ ቀይ ሆኖ አይታይም። ጠይም ሰው ላይ ቡናማ ወይም ሐምራዊ ነው፤ በጣም ጥቁር ሰው ላይ ከቆዳው ትንሽ የጠቆረ ጥላ ብቻ ሆኖ ዓይን ሊያልፈው ይችላል። በለዝም እንዲሁ፤ አንዳንዴ ከማየት ይልቅ በእጅ መዳሰሱ ይቀድማል። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ እኛው ራሳችን የምናውቀውን ገላችንን በሌላ ሰው ቆዳ በተጻፈ ቃል ስንፈልገው ታማሚዎች ሲያመልጡን ስላየሁ ነው።

ስለዚህ ቆዳው ከሚደብቅበት ትታችሁ ወደማይደብቅበት ሂዱ። የታችኛውን ከንፈር ገልብጡ። ላንቃውን በስልካችሁ መብራት እዩ። የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርጉት፤ ውስጡ የበሰለ ቲማቲም መምሰሉን ትቶ ነጣ ካለ ደም አንሷል። መዳፉንና የውስጥ እግሩን ከራሳችሁ መዳፍ ጎን አስጠግታችሁ አስተያዩ። ከዘመዶቹ መካከል ጠቆር ያለው ልጅ “እሱ ድሮም ጥቁር ነው” እየተባለ ሲገረጣ ሳይታይበት እንዳይቀር እፈራለሁ።

እስካሁን ያልኋችሁ ሁሉ መቅኒው ሲጎድል ቆዳው ላይ የሚታየውን ነው። ሌላ ነገርም አለ፤ የካንሰሩ ሕዋሳት ራሳቸው ከደም ወጥተው ቆዳ ውስጥ ሲሰፍሩ። ይህን ሐኪሞች ሉኬሚያ ኩቲስ ይሉታል፤ ወደ ቆዳ የዘለቀ ሉኬሚያ ማለት ነው። እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ፤ እኔን ካስተማረኝ እናንተንም ያስተምራል።

ወደ 60 የሚጠጉ አንድ ገበሬ መጡ። ደረታቸውና ጀርባቸው ላይ፣ ግንባራቸውም ላይ፣ ባቄላ የሚያህሉ ጠጣር እባጮች ወጥተዋል። አያሳክክም፣ አያምም፣ መግል የለውም። ቀለሙ ከቆዳቸው ጠቆር ብሎ ሐምራዊነት ያጠላበት ነው። እኔ የተማርሁት ሥጋ ደዌ በበዛበት አገር ነው፤ ሐሳቤ ቀጥ ብሎ ወደዚያ ሄደ። ጆሯቸውን ዳሰስሁ፣ በጥጥ ስሜታቸውን ፈተንሁ፣ ናሙና ከቆዳቸው ወስጄ የሥጋ ደዌውን ባክቴሪያ ፈለግሁ። የለም። ቁንጭር ይሆን አልሁ፤ አይመስልም። ካፖሲ ሳርኮማ የሚባለው ካንሰር ይሆን ብዬ ኤችአይቪ አስመረመርሁ፤ ነጻ ናቸው። ቅባት እየለዋወጥሁ ሁለት ወር አስመላለስኋቸው። አንድ ቀን ሊሄዱ ሲነሱ “ዶክተር፣ ይኸ የቆዳውስ ይሁን፤ ጥርሴ ወደ ድዴ እየገባ እንጀራ ማኘክ አቃተኝ” አሉኝ።

ጥርሳቸው አልገባም፤ ድዳቸው አብጦ ጥርሱን እየዋጠው ነበር። በዚያው ቀን ከአንዱ እባጭ ባዮፕሲ፣ ማለትም ለምርመራ የሚሆን ቁራጭ፣ ወሰድሁ። ቁራጩን የመረመረው ፓቶሎጂስት ውጤቱን በወረቀት እስኪልክ አልጠበቀም፤ ደወለ። “የላክህልኝ ቆዳ ነው፤ በሽታው ግን የደም ነው” አለኝ። ያን ሲቢሲ ያዘዝሁት ገና ያን ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ማዘዝ ስችል።

ድድ ማበጥና የቆዳ እባጭ አብረው ከመጡ ኤኤምኤል ከሚባለው ድንገተኛ የደም ካንሰር ውስጥ ሞኖሳይት የተባለው ሕዋስ የሚበዛበት ዓይነት መሆኑ ይጠረጠራል። እነዚህ ሕዋሳት በጤናቸውም ጊዜ ከደም ወጥተው ሥጋ ውስጥ መኖር ተፈጥሯቸው ነው፤ ሲታመሙም መንገዱን አይረሱትም። ከ100 የኤኤምኤል ሕሙማን መካከል፣ ቁጥሩ በየጥናቱ ቢለያይም፣ ከ3 እስከ 15 በሚሆኑት ካንሰሩ ቆዳ ውስጥ ይገኛል፤ ሞኖሳይት በሚበዛበት ዓይነት ከዚያ በጣም ይበልጣል። ከነሉኬሚያው በተወለደ ጨቅላ ላይ፣ ይህ እጅግ ብርቅ ነው፣ ከአራቱ በአንዱ ወይም ከዚያ በላይ ሰማያዊ የሚያጠላባቸው እባጮች በገላው ላይ ይታያሉ። አብዛኛውን ጊዜ የቆዳው እባጭ የሚመጣው የደሙ በሽታ ከታወቀ በኋላ ወይም አብሮት ነው። ጥቂት ሰዎች ላይ ግን ደሙ ገና ደህና መስሎ ሳለ ቆዳው ይቀድማል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ደህና የወጣ ሲቢሲ እባጩን ችላ አያስብልም።

ቅባት ለምን እንደማይሠራለት በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ይገባል። የላይኛው የቆዳ ሽፋን ደህና ነው። ከሥሩ ጠባብ ባዶ መሬት አለ። የካንሰሩ ሕዋሳት ከዚያ በታች ተኮልኩለዋል። ላዩ ስላልተነካ አይቀረፍም፣ አያሳክክም፤ ሰውየው ጨርቅ ሥር እንደገባ ጠጠር ይዳስሰዋል እንጂ አይከከውም። መድኃኒቱም ያለው ላዩ ላይ ሳይሆን ምንጩ ላይ ነው፤ መቅኒው በኬሞ ሲታከም እባጩም ይከስማል። ካልከሰመ ጨረር ይጨመርለታል። ካንሰሩ ወደ ቆዳ መውጣቱ ብዙ ጊዜ የበሽታውን ክብደት እንደሚያሳይ አልሸሽግላችሁም፤ ቤተሰብ እውነቱን አውቆ መዘጋጀት ይገባዋል። ልጆችን በሚመለከት ግን ሌላም እውነት አለ። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ኤኤልኤል የሚባለው ዓይነት፣ ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች ከ100 ልጆች ወደ 90 የሚሆኑት ይድኑበታል። በእኛ ዘንድ ቁጥሩን ከሚያወርዱት ነገሮች አንዱ ዘግይቶ መምጣት ነው፤ ሌላው ሕክምናውን መሐል ላይ ማቋረጥ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በ2004 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው በደም ካንሰር ባረፈ ሕጻን ስም መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቁ ይሆናል።

ደግሞ በሉኬሚያ ሕመምተኛ ገላ ላይ የወጣ ሁሉ ካንሰር አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. ሮበርት ስዊት የተባለ እንግሊዛዊ የቆዳ ሐኪም ትኩሳት ያለባቸውና ፊታቸው፣ አንገታቸውና ክንዳቸው ላይ ሲነኩት የሚያም ቀይ እብጠት የወጣባቸውን 8 ሴቶች ታሪክ ጻፈ። ዛሬ ስዊት ሲንድሮም የምንለው ይህ ነው። ከአምስት ሰዎች በአንዱ ገደማ ከካንሰር ጋር ተያይዞ ይመጣል፤ ከካንሰሮቹም ዋናው ኤኤምኤል ነው። ኢንፌክሽን መስሎ በአንቲባዮቲክ አልመለስ ይላል፤ ስቴሮይድ ሲሰጠው ግን በቀናት ውስጥ ይረግባል። ሲያም ስዊት፣ ሳያም ሉኬሚያ ኩቲስ ብሎ መለየት ለጅምር ይረዳል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የባዮፕሲው ነው።

አንዱን ግን አጥብቄ እላለሁ። ኬሞ እየወሰደ ያለ፣ ነጭ ሕዋሱ የወረደበት ሰው ገላ ላይ፣ በተለይ ብብት ወይም ብሽሽት አካባቢ፣ ቀይ ሆኖ ጀምሮ መሐሉ እንደ ከሰል የጠቆረ ቁስል ከወጣ ያ ሱዶሞናስ በሚባል ባክቴሪያ የተመረዘ ደም ሊሆን ይችላል። ነገ ቀጠሮ አለኝ አይባልም፤ በሰዓታት የሚቆጠር ጉዳይ ነው። አልማዝ ባለጭራም ቶሎ መታየት አለበት። በልጅነት ጉድፍ ያወጣብን ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሰውነት ሲደክም በአንድ ጎን የሚያቃጥል ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ሆኖ ይወጣል። አገራችን አልማዝን ከኤችአይቪ ጋር ብቻ ስለምታያይዘው የደም ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ሐሜት ፈርተው ይደብቁታል። አትደብቁት። መድኃኒት አለው፤ ሽፍታው በወጣ በ3 ቀን ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል።

ከመድኃኒት የሚመጣም የቆዳ ለውጥ አለ። ሲኤምኤል የሚባለው ቀስ ብሎ የሚሄድ ሉኬሚያ በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በተፈቀደው ኢማቲኒብ በተባለ ክኒን ታሪኩ ተለውጧል። እዚህም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚከታተሉ ሕሙማን በእርዳታ ፕሮግራም በነጻ ሲያገኙት ቆይተዋል። ክኒኑ የካንሰሩን ሕዋስ የሚያዘውን ፕሮቲን ይዘጋል። በመንገዱ ግን የቆዳን ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት የሚፈልጉትን ሌላ ፕሮቲንም ያግዳል። ስለዚህ የአንዳንድ ሰው ቆዳ እየነጣ ይመጣል፤ ጠይምና ጥቁር ሰው ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታያል። ሰው ሲያየው “ለምጽ ወጣባት” ይላል። በዚህ ወሬ ተሸማቅቀው ክኒኑን በድብቅ ያቆሙ ሴቶች አጋጥመውኛል። የነጣው ቆዳ አይገድልም፤ የቆመው ክኒን ግን ሕይወት ያሳጣል። ቀለሙ ካስጨነቃችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ በራሳችሁ ግን አንድ ቀን እንኳ አታቋርጡ። ሃይድሮክሲዩሪያ የሚወስዱ ደግሞ ጥፍራቸው ላይ ጥቁር መስመር ሊያዩ ይችላሉ፤ ቁርጭምጭሚት ላይ የማይድን ቁስል ከመጣ ግን መድኃኒቱ ራሱ ሊያመጣው ስለሚችል ቶሎ ይታይ።

ፕሌትሌቱ ባለቀ ሰው ላይ የሚደረጉ አንዳንድ ነገሮች ያሳስቡኛል። ዋግምት፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ እንጥል መቁረጥ፤ እነዚህ ሁሉ ደም የማይረጋለትን ሰው ማድማት ናቸው። ለወገብ ሕመም ብሎ ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ መወጋትም እንዲሁ፤ መርፌው ጡንቻ ውስጥ ደም ያቁራል፣ መድኃኒቱም የቀሩትን ጥቂት ፕሌትሌቶች ሥራ ያስፈታል። አስፕሪንም ያው ነው። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ማንም ከልካይ የለውም። ቀጠሮውንና ክኒኑን ግን አይተው።

ወደ አዳራሹ ልገባ ስል አንዲት ወይዘሮ በወረቀት ጽፈው የሰጡኝ ጥያቄ ኪሴ ውስጥ አለ። “የእህቴ ልጅ ይህ በሽታ አለበት፤ ገላው ላይም ወጥቶበታል። ከልጆቼ ጋር ቢተኛ፣ በአንድ ትሪ ቢበላ ይተላለፋል ወይ?” ይላል።

አይተላለፍም፣ እመቤቴ። ነጠብጣቡም፣ እባጩም፣ በለዙም ከእሱ ወደ ማንም አይሻገርም። አብሯቸው ይተኛ፣ ልጆችዎም አብረውት ይጫወቱ። መጠንቀቅ ያለብን ከእኛ ወደ እሱ ለሚሻገረው ነው። ከንፈራችን ላይ ወጥቶ ምች የምንለው ውኃ የቋጠረ ቁስል ሄርፒስ የተባለ ቫይረስ ነው። እኛን ለሳምንት አሳክኮን ያልፋል፤ ኬሞ ላይ ያለ ልጅ አፍና ፊት ላይ ግን ተስፋፍቶ ሆስፒታል ሊያስተኛው ይችላል። እንግዲህ ከንፈርዎ ላይ ምች በወጣ ሰሞን አይሳሙት። እጅዎን ታጥበው ራሱን ይዳብሱት፣ ተረት ይንገሩት። ቅርፊቱ ረግፎ ከንፈርዎ ሲድን የቀረበትን ስሞሽ ሁሉ ቆጥረው ይክፈሉት።